በጆሮ ያየኋቸው ስድስት ፊልሞች

ፊልም የማየው ለመዝናናት ነው። የፊልም ሙያ አልተማርኩም፤ ስለ ካሜራ ሌንስም ሆነ ስለ መብራት አጣጣል የማውቀው ሌላው ተመልካች ከሚያውቀው አይበልጥም። ቢበዛ በወር ሁለት ወይም ሦስት ፊልም አያለሁ፤ የወደድኩትን ለወዳጆቼ እነግራለሁ፤ ያልወደድኩትን እረሳዋለሁ። ሰሞኑን ግን በ2023 እና በ2024 ለዕይታ በቅተው በጊዜው ያመለጡኝን ስድስት ፊልሞች በተከታታይ ካየሁ በኋላ (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንድ ያልጠበቅሁት ነገር አስተዋልኩ። ፊልሞቹን ሳስታውስ ቀድሞ የሚመጣልኝ ምስል ሳይሆን ድምፅ ነው፤ የወደድኳቸውንም የወደድኳቸው፣ ያስቀየሙኝም ያስቀየሙኝ በጆሮዬ በኩል ነው። ስለዚህ ታሪካቸውንና ትወናቸውን ማንሳቴ ባይቀርም፣ በዚህ አስተያየት ላይ ዋናው ጥያቄዬ እያንዳንዱ ፊልም ምን አሰማኝ፣ ምንስ ሆን ብሎ ሳያሰማኝ ቀረ የሚል ነው። አንዳንድ ትዕይንቶችን በዝርዝር ስለማነሣ፣ ምንም ሳያውቅ ማየት የሚፈልግ ሰው ፊልሞቹን አስቀድሞ ቢያይ ይሻለዋል።

ወደዚህ ሐሳብ የመራኝ የጆናታን ግሌዘር «ዘ ዞን ኦቭ ኢንተረስት» ሲሆን፣ የመራኝም በራሴ ስሕተት ነው። ፊልሙን በመጀመሪያ ያየሁት በላፕቶፕ ነበር፤ ድምፁ ከላፕቶፑ ደካማ ማጉያ እየወጣ፣ በመስኮቱ በኩል ደግሞ የመኪና ጩኸት እየገባ። በዚህ ሁኔታ የታየኝ የሚከተለው ብቻ ነው። አንድ የጀርመን መኮንን ከሚስቱና ከአምስት ልጆቹ ጋር ሰፊ ግቢ ባለው ቤት ይኖራል፤ እናት አበባዎቿን ትንከባከባለች፤ ልጆች በትንሽ የመዋኛ ገንዳ ውስጥ ይንቦጫረቃሉ፤ ማታ ማታ አባት ቤቱን እየዞረ በር ይቆልፋል፣ መብራት ያጠፋል። ሰውየው የአውሽዊትዝ ካምፕ አዛዥ የነበረው ሩዶልፍ ሆስ መሆኑንና የግቢው ግንብ ከካምፑ ጋር የሚዋሰን መሆኑን አስቀድሜ አውቄ ነበር። ሆኖም ካሜራው እስረኞቹ ላይ የሚፈጸመውን ግፍ አንድ ጊዜ እንኳ ስለማያሳይ፣ አርባ ደቂቃ ያህል ከታገሥሁ በኋላ «ይህ ፊልም የሚጀምረው መቼ ነው?» ብዬ ዘጋሁት።

ከሳምንት በኋላ ሌሊት ላይ፣ ጆሮ ማዳመጫ አድርጌ እንደገና ስከፍተው፣ ፊልሙ ለካ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ እየተካሄደ ኖሯል። ከግንቡ ወዲያ የማይቋረጥ፣ እንደ ሩቅ ፋብሪካ ያለ ጉምጉምታ አለ። ከጉምጉምታው መካከል ተኩስ፣ የውሻ ጩኸት፣ የባቡር ድምፅ፣ የወታደር ትእዛዝና የሰው ዋይታ ብቅ እያለ ይጠፋል። እነዚህ ሁሉ የሚሰሙት እናት ለሕፃን ልጇ አበባ እያሸተተች ሳለ፣ ልጆች እየተጫወቱ ሳለ ነው፤ ማንም ቀና ብሎ አያይም፤ ማንም «ምንድን ነው?» ብሎ አይጠይቅም። ፊልሙ ሲጀምር ርእሱ ከታየ በኋላ ማያው ለረጅም ጊዜ ጥቁር ሆኖ የሚካ ሌቪ ሙዚቃ ብቻ የሚሰማውም፣ አሁን ሳስበው፣ የተመልካቹን ዓይን አሳርፎ ጆሮውን ለማንቃት ነው። በላፕቶፑ ማጉያ ያን ጊዜ የሰማሁት ጉርምርምታ ብቻ ስለነበረ መሣሪያው የተበላሸ መስሎኝ ነበር።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚለው አባባል ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን አይሰማም ለማለት የተነገረ ቢሆንም፣ ለዚህ ቤተሰብ ግን ቃል በቃል ይሠራል። ጆሯቸው ለራሳቸው ባዳ ሆኗል። ይህን ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው ለጉብኝት የመጣችው የሚስትየዋ እናት ታሪክ ነው። ቀን ላይ የልጇን የአትክልት ቦታ ዞራ አይታ ታደንቃለች፤ ሌሊት ግን እንቅልፍ ይነሣታል፤ በመስኮቱ በኩል የሚገባውን ቀይ ነጸብራቅ ቆማ ትመለከታለች፤ ሲነጋ ደብዳቤ ትታ ማንንም ሳትሰናበት ሄዳለች። እርሷ ከሌሎቹ የተሻለች ሰው መሆኗን ፊልሙ አይነግረንም፤ ጆሮዋ ገና አለመደንዘዙን ብቻ ነው የሚነግረን። ከዚህም የሚከፋ አንድ ትዕይንት አለ። ትንሹ ልጅ በክፍሉ ውስጥ እየተጫወተ ሳለ፣ አንድ እስረኛ በፖም ምክንያት በመጣላቱ ወደ ወንዝ ተወስዶ እንዲሰምጥ የሚሰጠው ትእዛዝ በመስኮቱ በኩል ይሰማል። ልጁም ለራሱ በለሆሳስ «ሁለተኛ እንዲህ እንዳታደርግ» ይላል። ፖሙን ለእስረኞች በሌሊት እየዞረች ያስቀመጠችው ሌላ ልጅ መሆኗን ተመልካቹ ቀደም ሲል አይቷል። ደግነቱ ያስከተለውን ነገር የምናውቀው በዚህች በመስኮት በገባች ድምፅ ብቻ ነው። እኔ በመጀመሪያው ጊዜ ይህን ትዕይንት ሳልደርስበት ነበር የዘጋሁት፤ ብደርስበትም ኖሮ በዚያ ማጉያ አልሰማውም ነበር።

ፊልሙ በ2023 በካን ፌስቲቫል ሁለተኛውን ታላቅ ሽልማት፣ ግራንድ ፕሪን፣ አግኝቷል። በ2024 ደግሞ ከእንግሊዝኛ ውጭ በሆነ ቋንቋ ለተሠራ ፊልም የሚሰጠውን ኦስካር ለብሪታንያ ያስገኘ ሲሆን፣ በተጨማሪም የድምፅ ኦስካርን ለታርን ዊለርስና ለጆኒ በርን አስገኝቷል። ተዋናዮቹ ይጫወቱ የነበሩት በቤቱ ውስጥ በተሸሸጉና በአንድ ጊዜ በሚቀርጹ በርካታ ካሜራዎች ፊት ስለነበረ፣ ትወናው ሰው የማያያቸው ሰዎች የሚኖሩትን ኑሮ ይመስላል። ጉድለት አልባ ነው ግን አልልም። ፖም የምታስቀምጠው ልጅ በሙቀት መቅረጫ ካሜራ የተቀረጸችባቸው ትዕይንቶች ምስላቸው ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር የሆነ ስለሚመስል፣ ምን እየሆነ እንደሆነ ለመረዳት ሁለተኛ ዕይታ አስፈልጎኛል። በዚያ ላይ ፊልሙ ቀዝቃዛ ነው፤ የሚያዝኑለት ሰው አያቀርብም። ደክሟችሁ ከሥራ በገባችሁበት ማታ የሚታይ አይደለም፤ ያለ ጥሩ ጆሮ ማዳመጫ ደግሞ ፈጽሞ ባይታይ ይሻላል።

የድምፅ ኦስካሩን ከዚህ ፊልም ጋር ተወዳድሮ ያጣው የክሪስቶፈር ኖላን «ኦፐንሃይመር» ነው። ሌሎች ሰባት ኦስካሮችን፣ የዓመቱ ምርጥ ፊልም የሚባለውን ጨምሮ፣ ስለወሰደ የሚያዝኑለት አይደለም። ይህን ፊልም በድጋሚ ለዕይታ በቀረበ ጊዜ በሲኒማ አዳራሽ ነው ያየሁት፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ። ታሪኩ የአቶሚክ ቦምብን ሥራ የመራው የፊዚክስ ሊቅ ሮበርት ኦፐንሃይመር ታሪክ ሲሆን፣ በሁለት ክር ተጠምዝዞ ይሄዳል። በቀለም የተቀረጸው ክፍል ነገሩን ከኦፐንሃይመር አንጻር፣ ጥቁርና ነጩ ደግሞ ከባላንጣው ከሉዊስ ስትራውስ አንጻር ያሳያል። ይህን ሳላውቅ ስለገባሁ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ጥቁርና ነጩ ያለፈው ዘመን ነው ብዬ አሰብኩ፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ጥቁርና ነጩ በአብዛኛው ስትራውስ ለሹመት ከቀረበበት ከ1959ኙ የአሜሪካ ሴኔት ምርመራ ጋር የተያያዘው የኋለኛው ዘመን ነው። ለማየት ያሰበ ሰው ይህችን አንዲት ነገር ይዞ ይግባ፤ ብዙ ድካም ትቆጥብለታለች።

ሁሉም የሚያወራለት ትዕይንት ሐምሌ 16 ቀን 1945 በኒው ሜክሲኮ በረሃ የተደረገው የቦምብ ሙከራ ነው። ከዚያ በፊት ሙዚቃው እየጨመረ፣ እየጨመረ ሄዶ ልብ ሊያቆም ይደርሳል። ከዚያ ብርሃኑ ይፈነዳል፤ ድምፁ ግን የለም። የሰው ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። አዳራሹ ውስጥ ያለነው ሁሉ ትንፋሻችንን ይዘን ስለነበረ፣ ለአፍታ የሚሰማው ትንፋሽ የኔ ይሁን የተዋናዩ ሳላውቅ ቀረሁ። ይህ የዳይሬክተሩ ማስዋቢያ ብቻ አይደለም፤ የተፈጥሮም ሕግ ነው። ብርሃን ወዲያው ሲደርስ፣ ድምፅ ግን በሰከንድ ወደ 340 ሜትር ያህል ብቻ ስለሚጓዝ፣ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ርቆ ለቆመ ሰው ፍንዳታው የሚሰማው ከ26 ሰከንድ ያህል በኋላ ነው። ኖላን ይህን ክፍተት ከእውነተኛው በላይ ለጥጦታል፤ ግን ማን ቆጥሮ ይይዘዋል? ድምፁ በመጨረሻ ሲመጣ ከወንበሬ አስነሥቶኛል፤ ከኋላዬ የተቀመጠች ሴትም ጮኻ ወዲያው በራሷ ሳቀች።

እኔን ግን ይበልጥ የያዘኝ ከዚያ በኋላ የሚመጣው የስብሰባ አዳራሽ ትዕይንት ነው። ፊልሙ ገና ከጅምሩ የእግር ድብደባ የሚመስል፣ ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ ድምፅ አልፎ አልፎ ሲያሰማን ቆይቷል። ሂሮሺማ በቦምብ ከተመታች በኋላ ኦፐንሃይመር ለሥራ ባልደረቦቹ ንግግር ሊያደርግ ሲገባ ነው የድምፁ ምንጭ የሚገለጠው፤ የተሰበሰበው ሰው በደስታ የእንጨት መቀመጫውን ወለል በእግሩ ሲደበድብ። ተናጋሪው የድል ቃል እየተናገረ ሳለ የሕዝቡ ጩኸት በድንገት ይጠፋና አንዲት የሰቀቀን ጩኸት ብቻ ትቀራለች። ሲሊያን መርፊ ለዚህ ሚናው ያገኘው ሽልማት ለዚህች ትዕይንት ብቻ ቢሰጠውም አይበዛበትም።

ቅሬታዬ ሁለት ነው። የመጀመሪያው የሉድቪግ ጎራንሰን ሙዚቃ ነው፤ ለብቻው ቢያዳምጡት ድንቅ ነው፤ ፊልሙ ውስጥ ግን አያርፍም። ሁለት ሰዎች በአንድ ክፍል ተቀምጠው ስለ ፈቃድ ወረቀት ሲነጋገሩ እንኳ ዓለም ሊያልፍ የተቃረበ ይመስል ከሥር ይንጫጫል፤ አንዳንድ ቃላትንም ውጦብኛል። ኖላን ተዋናዮቹን በኋላ ስቱዲዮ አስገብቶ ንግግራቸውን እንደገና የማስቀዳት ልማድ የሌለው ዳይሬክተር መሆኑ ይታወቃል፤ እውነተኛነትን ስለሚሻ እንደሆነ ይገባኛል፤ ይሁን እንጂ የማይሰማ እውነተኛ ንግግር ለኔ ለተመልካቹ ምን ይፈይዳል? ሁለተኛው ቅሬታዬ ይከብዳል። ፊልሙ ሂሮሺማንና ናጋሳኪን አያሳይም፤ ኦፐንሃይመርም ነገሩን የሚሰማው እንደማንኛውም ሰው በሬዲዮ ነው። አለማሳየቱን አልቃወምም፤ «ዘ ዞን ኦቭ ኢንተረስት»ም አላሳየም። ልዩነቱ ያኛው ፊልም የተጎጂዎቹን ድምፅ ስለሚያሰማን ሳናያቸው እንኳ እዚያው አሉ፤ በ«ኦፐንሃይመር» ውስጥ ግን የምንሰማው ጩኸት በሰውየው ጭንቅላት ውስጥ ያለ፣ የእርሱ ጸጸት የወለደው ጩኸት ነው። የሞቱት ሰዎች የራሳቸው ድምፅ የላቸውም። ሁለቱን ፊልሞች በአንድ ወር ውስጥ ባላያቸው ኖሮ ይህን አላስተውልም ነበር።

ከሁለቱም በላይ የወደድኩት የጀስቲን ትሪየት «አናቶሚ ኦቭ ኤ ፎል» ነው። የሚገርመው ዋና ተዋናይዋ፣ ጀርመናዊቷ ሳንድራ ሁለር፣ የሆስን ሚስት ሆና የተጫወተችውም እርሷ ናት፤ በ2023ቱ የካን ፌስቲቫል አንደኛውንና ሁለተኛውን ሽልማት የወሰዱት እርሷ የተጫወተችባቸው ሁለት ፊልሞች ናቸው። ትሪየት በዚህ ፊልም አንደኛውን ሽልማት፣ ፓልም ዶርን፣ ስትወስድ፣ ከጄን ካምፒየንና ከጁሊያ ዱኩርኖ ቀጥላ ሽልማቱን ያገኘች ሦስተኛዋ ሴት ዳይሬክተር ሆናለች። ታሪኩ እንዲህ ነው። በፈረንሳይ ተራሮች ውስጥ ባለ ቤት አንድ ሰው ከላይኛው ፎቅ ወድቆ ይሞታል፤ ራሱን ጣለ ወይስ ደራሲዋ ሚስቱ ገፍታ ጣለችው የሚለውን ፍርድ ቤት ይመረምራል፤ አስከሬኑን ያገኘው ደግሞ የማየት ችሎታው በአደጋ የተጎዳ ልጃቸው ነው።

ይህ ፊልም ከመነሻው እስከ መድረሻው የማዳመጥ ፊልም ነው። ሲጀምር ሚስትየዋ ለቃለ መጠይቅ ከመጣች አንዲት ተማሪ ጋር ተቀምጣ ታወራለች። በመካከሉ ባልየው ከላይኛው ፎቅ ሙዚቃ ይከፍታል፤ ዘፋኝ የሌለው፣ ስቲል ፓን በሚባል ከብረት በርሜል በሚሠራ የሙዚቃ መሣሪያ የተጫወቱት የታወቀ የራፕ ዘፈን ቅጂ ነው። ሙዚቃው ያልቃል፤ እንደገና ይጀምራል፤ ድምፁም እየጨመረ ይሄዳል፤ በመጨረሻ ቃለ መጠይቁ ይቋረጣል። ባልየው ገና አልታየንም፤ ነገር ግን በዚያ ቤት ውስጥ ያለውን ጠብ በሙሉ በዚህ ሙዚቃ አወቅነው። አንድም ክፉ ቃል ሳይነገር የተደረገ ጠብ ነው፤ ትዳር ውስጥ የኖረ ሰው ያውቀዋል። በኋላም መርማሪዎች ቤቱ ድረስ መጥተው ሙዚቃውን በዚያው ልክ ከፍተው፣ ልጁ ውጭ ቆሞ የወላጆቹን ንግግር መስማት ይችል እንደነበረና እንዳልነበረ ይፈትሻሉ። ክርክሩ ሁሉ የሚንጠለጠለው ዓይኑ በደከመ ልጅ ጆሮ ላይ ነው።

የፊልሙ እምብርት ባልየው ከመሞቱ አንድ ቀን በፊት በድብቅ የቀዳው የባልና የሚስት ጭቅጭቅ በችሎት የሚደመጥበት ክፍል ነው። ቅጂው ሲጀምር ካሜራው ወደ ቤቱ ወስዶን ጭቅጭቁን በዓይናችን ያሳየናል። ማን ለልጁ ብዙ ጊዜ ሰጠ፣ ማን የማንን ሐሳብ ወስዶ መጽሐፍ ጻፈ፣ ማን ለማን ሲል አገሩን ለቀቀ፤ ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ሁለቱም ይጎዳዳሉ። ከዚያ ነገሩ ወደ ዱላ ሲያመራ፣ ልክ ማየት በምንፈልግበት ቅጽበት፣ ካሜራው ወደ ችሎቱ ይመልሰንና የሚቀረውን እንደ ዳኞቹ በድምፅ ብቻ እንሰማለን። ብርጭቆ ይሰበራል፤ ጥፊ የሚመስል ነገር ይሰማል፤ ማን ማንን እንደመታ ግን አናይም። ተመልካቹ እስከዚያ ድረስ ምስክር ነበረ፤ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ግምት የያዘ ሰው ብቻ ሆነ። ዘንድሮ ካየኋቸው ፊልሞች ሁሉ እንዲህ ያለ ብልሃት አላየሁም።

አንድ ነገር ላሳስብ፣ በተለይ ፊልምን በግርጌ ጽሑፍ እያነበበ ለሚከታተል ሰው። በዚህ ቤት ውስጥ ባል ፈረንሳዊ፣ ሚስት ጀርመናዊት ስለሆኑ መካከል ላይ ተገናኝተው በእንግሊዝኛ ነው የሚነጋገሩት። በችሎት ግን ሴትየዋ በፈረንሳይኛ እንድትናገር ይጠበቅባታል፤ ትሞክራለች፤ ቃል ሲያጥራትና ስሜቷ ሲገነፍል ወደ እንግሊዝኛ ትሸሻለች። ይህ ሽሽት ትልቅ ትርጉም አለው፤ በራስዋ ባልሆነ ቋንቋ ንጹሕነቷን ማስረዳት ያለባት ሴት ምን ያህል እንደተከበበች ያሳያል። የግርጌ ጽሑፉ ግን ሁሉንም ወደ አንድ ቋንቋ ጨፍልቆ ስለሚያቀርበው፣ ዓይኑን ከጽሑፉ ያልነቀለ ሰው ቋንቋው መለወጡን እንኳ ላያውቅ ይችላል። እኔም ያወቅሁት ግማሽ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ፈረንሳይኛ ባትችሉም እንኳ ጆሯችሁን አትዝጉ።

ፊልሙ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ መካከሉ ላይ ትንሽ ይጎተታል። ዐቃቤ ሕጉ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ከሕግ ሰው ይልቅ በመድረክ ላይ የሚጫወት ተዋናይ ይመስላል፤ በአንዲት ደራሲ ልቦለድ ውስጥ የተጻፈን ነገር እንደ ማስረጃ ሲያቀርብ ሳቄ መጥቷል። አብሮኝ ያየው ጓደኛዬ ፊልሙ ካለቀ በኋላ «ታዲያ ገደለችው ወይስ አልገደለችውም?» ብሎ ተቆጣ፤ መልሱን ከኔ የሚጠብቅ ይመስል ነበር። ትሪየትና የጽሑፍ አጋሯ አርተር አራሪ ለድርሰቱ ኦስካር ያገኙት ግን፣ እንደኔ ግምት፣ ይህን ጥያቄ ሳይመልሱ ሰውን ሁለት ሰዓት ተኩል ስላስቀመጡ ነው። ውሻውን ደግሞ ሳላነሣ ማለፍ ግፍ ይሆንብኛል፤ በካን ለውሾች በቀልድ መልክ የሚሰጠውን ሽልማት ያገኘ ሲሆን፣ አንድ ትዕይንት ላይ ታሞ ሲወድቅ እውነት መስሎኝ ደንግጫለሁ።

ስለ «ዱን» ክፍል ሁለት ብዙ የምለው የለኝም። ይህንንም በአዳራሽ ነው ያየሁት፤ የዴኒ ቪልነቭን ሥራ በትንሽ ማያ ማየት ገንዘብን ባይሆን ጊዜን ማባከን ነው። የፊልሙ ዓለም ራሱ በድምፅ የተሠራ መሆኑን ወድጄዋለሁ። በበረሃው የሚኖሩት ግዙፍ ትሎች የሚመጡት ወጥ የሆነ ምት ሲሰሙ ነው፤ ስለዚህ ሰው አሸዋው ላይ ሲሄድ እርምጃውን እያዛባ ይሄዳል፤ ትል ሊጠራ ሲፈልግ ደግሞ መሬቱን በምት የሚመታ መሣሪያ ይተክላል። የመጀመሪያዋ የትል ግልቢያ ደረቴን አንቀጥቅጣዋለች፤ በ2025 የድምፅና የቪዥዋል ኢፌክት (በኮምፒውተርና በሌላ ብልሃት የሚፈጠር ምስል) ኦስካሮችን ማግኘቱም አይገርምም። ነገር ግን ከ166 ደቂቃው የመጨረሻው አንድ ሰዓት ጩኸት በጩኸት ላይ ነው፤ ጆሮ ሲደነዝዝ ትልቁም ፍንዳታ ትንሽ ይሆናል። ክፍል አንድን ያላየ ሰው ባይጀምረው ይሻላል።

«ፍሎው» የጩኸቱ ማርከሻ ሆነኝ። የላትቪያው ጊንትስ ዚልባሎዲስ በ2024 ያወጣው ይህ የአኒሜሽን ፊልም አንድም የሰው ቃል የለበትም። ዓለም በጎርፍ ትጥለቀለቃለች፤ የሰው ዘር የለም፤ አንዲት ጥቁር ድመት በጀልባ ላይ ከካፒባራ (ከአይጥ ወገን የሆነ ግዙፍ እንስሳ)፣ ከሊመር (ጦጣ መሰል እንስሳ)፣ ከውሻና ከአንድ ረጅም እግር ካለው ወፍ ጋር ትጓዛለች። ድመቷ እንደ ድመት ትጮኻለች፤ ውሻው እንደ ውሻ ይጮኻል፤ ማንም ቀልድ አይናገርም፤ ማንም አይዘፍንም። የእንስሳቱ ድምፅ ከእውነተኛ እንስሳት የተቀዳ ነው። ካፒባራው ግን ልዩ ነው፤ የራሱ የተፈጥሮ ድምፅ ለዚያ ግዙፍና እርጋታ ለተሞላ ገላ ቀጭን ሆኖ ስለተገኘ የግልገል ግመል ድምፅ ተሰጥቶታል። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ስመለከት ግን ቅንጣት ጥርጣሬ አልገባኝም፤ እንዲያውም ከአምስቱ ሁሉ የተረጋጋው ድምፅ የእርሱ ነው ብዬ ነበር።

ፊልሙን ያየሁት ከስድስት ዓመቷ የእህቴ ልጅ ጋር ነው። መጀመሪያ ላይ «ለምንድን ነው የማያወሩት?» እያለች ጠየቀችኝ፤ የሚያረካ መልስ አልነበረኝም። ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላ ግን እርሷ ራሷ ማውራት ጀመረች፤ ድመቷ ምን እንዳሰበች፣ ውሻው ለምን እንደተከፋ፣ ሊመሩ ያጠራቀመውን ዕቃ ለምን ማካፈል እንደማይወድ ትተነትንልኝ ጀመር። በንግግር የተሞሉ የልጆች ፊልሞችን ስታይ አፏን ከፍታ ዝም ብላ ነው የምትቀመጠው። ዝም ያለው ፊልም እርሷን አናገራት።

በሥራው ደረጃ ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ከሚያወጡት ጋር አይወዳደርም። የተሠራው ብሌንደር በተባለ፣ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊጠቀምበት በሚችል የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው፤ የእንስሳቱ ፀጉር በደንብ ያልተሣለ ስለሚመስል የቆየ የኮምፒውተር ጨዋታ ያስታውሳል። እንስሳቱ የጀልባውን መሪ መዘወራቸውም «እንደ እንስሳ ነው የሚያደርጉት» ከሚለው ሐሳብ ጋር አይገጥምም። የወፉም ፍጻሜ ለኔ ግልጽ አይደለም። ነገር ግን ውኃው፣ ብርሃኑና ድምፁ ይህን ሁሉ ያስረሳሉ። በ2025 የአኒሜሽን ኦስካርን አግኝቶ ለላትቪያ የመጀመሪያውን ኦስካር ማስገባቱን ስሰማ ዘመድ ያገኘ ያህል ተደሰትኩ። ርዝመቱም አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም፤ ይህም በዘመኑ ፊልሞች ዘንድ እንደ ትልቅ ትሕትና ሊቆጠር ይገባል።

ወደ መጨረሻው ልሂድ። የጀርመናዊው ቪም ቬንደርስ «ፐርፌክት ዴይስ» በቶኪዮ የሕዝብ መጸዳጃ ቤቶችን የሚያጸዳ፣ ሂራያማ የተባለ ሰው ኑሮ ነው። ሰውየው በቀን የሚናገረው ቃል በጣት ይቆጠራል። ሆኖም ኮጂ ያኩሾ በፊቱና በእጁ እንቅስቃሴ ብቻ ሁለት ሰዓት ይዞን ይጓዛል፤ በ2023 በካን የምርጥ ወንድ ተዋናይ ሽልማትን አግኝቶበታል። ሂራያማ ጠዋት የሚነሣው በማንቂያ ሰዓት አይደለም፤ ውጭ መንገድ በሚጠርግ ሰው የመጥረጊያ ድምፅ ነው። በየቀኑ ያ ሸርር የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ዓይኑ ይገለጣል፤ ብርድ ልብሱን ያጣጥፋል። ሦስተኛው ጠዋት ላይ እኔም ድምፁን መጠበቅ ጀመርኩ። ሙዚቃም ቢሆን ብዙውን ጊዜ የሚሰማው በመኪናው ውስጥ ካሴት ሲያስገባ ነው፤ ካሴቱ ሲቆም ሙዚቃው ይቆማል። ከ«ኦፐንሃይመር» በኋላ ይህ ምን ያህል እረፍት እንደሆነ ያየው ያውቀዋል።

የሚከነክነኝ ነገር ግን አለ። መጸዳጃ ቤቶቹ ሂራያማ ከማጽዳቱ በፊትም ንጹሕ ናቸው። የተሠሩት በታላላቅ አርክቴክቶች ነው፤ አንደኛው ግድግዳው የሚያሳልፍ መስታወት ሆኖ ሰው ገብቶ ሲቆልፈው የሚጋረድ ነው። ፊልሙ የተጸነሰውም ከዚሁ የመጸዳጃ ቤቶች ፕሮጀክት ጋር በተያያዘ ነው። ስለዚህ የጽዳት ሠራተኛን ኑሮ በዚህ ልክ ውብ አድርጎ ማቅረቡ፣ ሥራውን ለሚያውቅ ሰው፣ ከእውነት ይልቅ ወደ ማስታወቂያ ያደላ ሊመስለው ይችላል። የካሴቶቹ ምርጫም አብዛኛው የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ የምዕራባውያን ዘፈን ነው፤ የሂራያማ ነው ወይስ የዳይሬክተሩ የራሱ መደርደሪያ ብዬ ጠይቄያለሁ። እንዲህም ሆኖ የኒና ሲሞን ዘፈን የሚሰማበትን የመጨረሻ ትዕይንት፣ ካሜራው ከፊቱ ሳይነቀል ሳቅና እንባ ሲፈራረቁበት፣ ሁለት ጊዜ መልሼ አይቼዋለሁ።

የሠራተኞቹ ስም መውረድ ሲጀምር ማያውን አጥፍቼው ነበር። ለካ ከስሞቹ በኋላ ጃፓኖች የፀሐይ ብርሃን በዛፍ ቅጠሎች መካከል ሲያልፍ የሚፈጠረውን የብርሃንና የጥላ ጨዋታ የሚጠሩባት «ኮሞረቢ» የምትባል ቃል ከነትርጉሟ ትታያለች፤ ሂራያማ በየቀኑ ምሳውን እየበላ በአሮጌ ካሜራው ቀና ብሎ ፎቶ የሚያነሣው እርሷን ነበር። ይህን የነገረኝ ስለ «አናቶሚ ኦቭ ኤ ፎል» የተቆጣው ጓደኛዬ ነው። ፊልሙን እንደገና ከፍቼ ወደ መጨረሻው ወሰድኩትና ቃሏ እስክትመጣ ድረስ ተቀምጬ ጠበቅሁ።